ክኒኑም የኔ፣ ሰዓቱም የኔ

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ከወንበሩ ብድግ አለ። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ሦስት ደንበኞች ቀና አሉ።

«ጠጥተህ ነው እንዴ ሥራ የገባኸው?» አለ፣ አንገቱ ላይ የታሰረለትን ነጭ ጨርቅ እየጎተተ። «በመስታወቱ እያየሁህ ነው። እጅህ ይንዘፈዘፋል። እኔ ሞኙ ደግሞ ጉሮሮዬን ሰጥቼህ ቁጭ ብያለሁ!»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጠርጎ መደርደሪያው ላይ ካስቀመጠ ደቂቃ እንኳ አልሞላውም። ቀኝ እጁ በጎኑ ተንጠልጥሎ ነበር። እውነትም ይንቀጠቀጣል፤ አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ የማይታይ እንክብል የሚያድቦለቡሉ ይመስላሉ።

«ምላጭ ስይዝ እኮ ይቆማል» አለ። «ይኸው፣ እየው!» ብሎ ምላጩን አነሳና እጁን ዘረጋ። እጁ ቀጥ አለ። ግን ሰካራም የተባለ ሰው ምላጭ ይዞ እጁን ሲዘረጋ ማን ቆሞ ያያል? ርእሰ መምህሩ ግማሽ ጢሙን ይዞ ወጣ። አንደኛው ተራ ጠባቂ «ለካ ጉዳይ ነበረብኝ» ብሎ ተከተለው። ሌሎቹ ሁለቱ ምክንያት እንኳ ሳይፈልጉ ወጡ።

ይህ ሰው በዕድሜው ሙሉ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። አባቱን መጠጥ ስለቀማው የጠርሙስ ሽታ እንኳ ያንገሸግሸዋል። በዚያ ቀን ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ገበያው መግቢያ ተዳረሰ።

ሰፈሩ «ጋሽ ምላጭ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ግማሾቹ ለእጁ፣ ግማሾቹ ለምላሱ። በመድኃኒት ቤትና በአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ መሃል በተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሞ ሠርቷል። ሁለት ወንበር፣ ከግድግዳ ግድግዳ የደረሰ መስታወት፣ አልኮል ውስጥ የተነከሩ ማበጠሪያዎች፣ በሚስማር የተንጠለጠለ የምላጭ መሳያ ቆዳ። ራሰ በራ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ትከሻውን መታ መታ ያደርግና «አይዞህ፣ ፀጉርህ አልሳሳም፤ ግንባርህ ነው መሬት የወረረው» ይለዋል። ሰውየው ራሱ ሳይቀር ይስቃል።

ሳቁ መቀነስ የጀመረው እጁ ከመንቀጥቀጡ በፊት ነው። አንድ እሑድ ሚስቱ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ቆመች። የሌላ ሰፈር ትምህርት ቤት ፀሐፊ ናት፤ ነገር ተድበስብሶ ሲቀር አትወድም።

«እንግዲህ ንገረኝ፤ ምን በድዬህ ነው?»

«ምን አልሽ?»

«ሦስት ወር ሙሉ ፊትህን አኮሳትረህብኛል። ስቀልድ አትስቅም፣ ሳወራህ እንደ ግድግዳ ታየኛለህ።»

«ማን? እኔ? አልተኮሳተርኩም!»

«ሂድና መስታወት እይ።»

ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት የሚውለው ሰው ለካ የሚያየው የሌላውን ፊት ብቻ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ራሱን አየ። ዐይኖቹ ብዙ አይርገበገቡም፤ ጉንጮቹ እንደ ጭንብል ተወጥረዋል። ፈገግ ለማለት ሞከረ። ውስጡ ፈገግ አለ፤ ፊቱ ግን አልሰማውም። ወጥቶ ለሚስቱ «ልክ ነሽ፣ እኔም ይህን ሰውዬ አልወደድኩትም» አላት። ቀልዱ ሁለቱንም አላሳቃቸውም።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። የመጀመሪያው «ዕድሜ ነው፣ ሐሳብ አታብዛ» ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘለት። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር! ሁለተኛው ቀና ብሎ ሳያየው «መጠጥ በሳምንት ስንት ጊዜ?» አለው። ሦስተኛው ለጭንቀት የሚሆን መድኃኒት ሰጠው፤ እሱን ሲውጥ ሰነበተና መራመድ እንኳ እንደ ጭቃ ያዘው። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ አንዳቸውም ተነስተህ ተራመድ አላሉትም።

ተነሣና ተራመድ ያለችው የነርቭ ሐኪሟ ናት። እሷ ዘንድ የላከው ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ነው፤ የአክስቱ ባል እንዲሁ ያደርገው እንደነበር ትዝ ብሎት። ሐኪሟ አጠር ያለች፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ ሴት ናት። ገና በሩ ላይ ሳለ «እስኪ መጀመሪያ ኮሪደሩን ደርሰው ይመለሱ» አለችው። ሄዶ ተመለሰ።

«ሲራመዱ ቀኝ እጅዎ አይወዛወዝም። አስተውለውታል?»

አላስተዋለም።

«ጽሑፍዎስ?» ወረቀት ሰጠችው። ስሙን ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው በግማሽ አንሶ ነበር። «ማሽተትስ?»

ያን ጊዜ ክው አለ። የሚሸጠው ሽቶ ሁሉ ውሃ ውሃ ማለት ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል፤ እሱ ግን ነጋዴው እየበረዘ የሚያመጣለት መስሎት ሁለት ጊዜ ተጣልቶታል።

«ፓርኪንሰን ነው» አለች። አንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያቀላጥፍ ዶፓሚን የሚባል ነገር እንዳለ፣ እሱን የሚያመርቱት ሴሎች ቀስ በቀስ እየሞቱ እንደሆነ ነገረችው።

«ይድናል?»

«አይድንም። ይታከማል ግን። ደህና አድርጎ ይታከማል።»

ጋሽ ምላጭ ስሙን የጻፈበትን ወረቀት አጣጠፈ። ሐኪሟ ያዘነ መሰላት፤ እሱ ግን ደሙ ፈልቶ ነበር። «ሁለት ዓመት ሙሉ» አለ በመጨረሻ፣ «ቂጤን በመርፌ ወንፊት ሲያደርጉት፣ ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ኮሪደር ብቻ ነበር?»

«ኮሪደርና የሚያይ ሰው» አለች።

ሌቮዶፓ የሚባለውን ክኒን በግማሽ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆዱን አገለባበጠው፤ ሐኪሟ ይታገሡ አለችው፣ ታገሠ። አንድ ጠዋት የጫማውን ክር አስሮ ከጨረሰ በኋላ ነው ሳያስበው እንዳሰረው ያወቀው። ሚስቱ ከወጥ ቤት ድምፁን ሰማች፤ እየዘፈነ ነበር። ዘፈን አይችልበትም፤ ግን ማን ከልክሎት!

ፀጉር ቤቱ ተመልሶ ሞላ። ርእሰ መምህሩም መጣ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ አገጩን ቀና አደረገና፣ ምላጩ ጉንጩ ላይ ሲደርስ «ጎበዝ! መጠጡን ተውከው አይደል? ወንድ ነህ!» አለው።

ጋሽ ምላጭ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ጥርሱ ግን ተፋጨ። «የምተወው መጠጥ አልነበረም» አለ።

«ግድ የለም፣ ግድ የለም፤ ሁላችንም ሰው ነን» አለ ርእሰ መምህሩ ዐይኑን ጨፍኖ።

ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። ይቅርታ የጠየቀው አንድም ሰው የለም፤ እንኳን ደስ ያለህ ያሉት ግን ብዙ ናቸው። ከስድቡ ይልቅ ይህ ምርቃት አንጀቱን አሳረረው። ጫማ ሰፊው በነገሩ እየሳቀ ቢያጽናናውም፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ ሊስቅበት አልቻለም።

አምስት ዓመት ደህና ሆነ። ከዚያ ክኒኑ ማጠር ጀመረ። ድሮ አንዱን ውጦ እስከ ቀትር የሚቆመው ሰው አሁን በሦስተኛው ሰዓት እግሩ እንደ እርሳስ ይከብደዋል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ መቀሱ ጣቱ ውስጥ ይጣበቃል። ሐኪሟ መጠኑን በታትና ሰዓቱን አቀራረበችው፦ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። የክኒኑን ዕድሜ የሚያረዝም ሌላ መድኃኒትም ጨመረችለት። ሥጋና እንቁላል ከክኒኑ ጋር ሲገናኙ መንገድ ይዘጉበታልና ወደ እራት ይሂዱ አለችው። መራመድና መንቀሳቀስ ደግሞ እንደ መድኃኒት ይቆጠር አለች። በየማለዳው ከጫማ ሰፊው ጋር እርምጃቸውን ጮክ ብለው እየቆጠሩ አርባ ደቂቃ ይሄዳሉ። ድምፁ እንዳይሰልል ጋዜጣ እየጮኸ እንዲያነብ ስለታዘዘም፣ ከላይ ያለችው ጎረቤት ባልና ሚስቱ የተጣሉ መስሏት ሁለት ጊዜ ልትገላግል ወርዳለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ክኒኑ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ትከሻውና አንገቱ ያለ ፈቃዱ ይወዛወዙ ጀመር። ሐኪሟ ጊዜ ወስዳ አስረዳችው፤ ከመድኃኒቱ ብዛትና ከበሽታው ዕድሜ የመጣ ነው፣ መጠኑን ብንቀንስ ይደርቃሉ፣ ብንጨምር ይወዛወዛሉ፣ መሃሉን እንፈልጋለን አለች። ነገሩን የሚያለዝብ ሌላ ክኒን ጨመረች። አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ደረት ላይ ከሚቀበር ባትሪ ጋር የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና እንዳለም ነገረችው።

«ለእኔ ይሆናል?»

«ይሆናል። ክኒኑ እየሠራልዎት ነው፣ ጭንቅላትዎ ንጹሕ ነው፤ ብቁ ነዎት። በሽታውን አያቆመውም፤ መወዛወዙንና መድረቁን ግን ያቀልልዎታል። ችግሩ እዚህ አይሠራም። ስምዎን እልካለሁ፤ ወረፋው ረጅም ነው።»

«ስንት ዓመት?»

«አላውቅም» አለች ሐኪሟ፣ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ። ባለማወቋ እሷም ተናዳለች፤ በዚህም ወደዳት።

መንገድ ላይ ሲወዛወዝ ያዩት «ዛሬ ደግሞ ጀመረው» አሉ። የጫማ ሰፊው ደንበኛ በጆሮው ሰምቶ ነገረው። ጋሽ ምላጭ በማግስቱ ምላጩን ማንም ሳይለው በራሱ ፈቃድ ጠርጎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተና ቆለፈው። የሰው ጉሮሮ ቀልድ አይደለም። መቀስና ቶንዶስ ግን አልተወም። በሩ ላይ «ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል፣ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል» ብሎ ለጠፈ። በእነዚያ ሰዓታት የሚያስተካክለው ፀጉር ከሌላው ፀጉር ቤት ሁሉ ያምራል፤ በሌላው ሰዓት ቁጭ ብሎ ይሳደባል።

የወደቀው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ነው። ደፍ ሲያይ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። መላውን ያውቀዋል፦ ቆም ይልና ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ መስመር እንዳለ አስቦ ይሻገረዋል። ያን ቀንም ቆሞ መስመሩን እያሰበ ነበር። ከኋላው የመጣ ሰው ግን «ጋሼ፣ ግባ ወይ ውጣ እንጂ!» ብሎ በክንዱ ገፋ አደረገው። ገፊውም መድኃኒቱን ገዝቶ ሄደ፤ ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ጋሽ ምላጭ የዳሌው አጥንት ተሰበረ።

ሆስፒታል ሲገባ ሚስቱ ክኒኖቹን በየሰዓታቸው ለይታ ይዛ ነበር። ከነርቭ ሐኪሟ የተጻፈ ወረቀትም ይዛለች። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር በቀይ ተሰምሮበታል። አንደኛው፣ መድኃኒቱ ከሰዓቱ አይለፍ። ሁለተኛው፣ ማስታወክ የሚያስቆመው የተለመደው መርፌ አይሰጠው፤ ያ መርፌ ያችኑ የቀረችውን የዶፓሚን ሥራ ይዘጋልና።

ተረኛዋ ነርስ ከረጢቱን ተቀበለች። «የራሳቸውን መድኃኒት መያዝ አይችሉም። ደንብ ነው። እኛ እንሰጣቸዋለን።»

«በሰዓቱ?»

«በመድኃኒት ዙር። ጠዋት ሦስት፣ ቀን ስምንት፣ ማታ ሁለት።»

«እሱ አምስት ጊዜ ነው የሚወስደው እኮ!»

«እትዬ፣ ሠላሳ አራት አልጋ ነው ያለብኝ። ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ አደርገዋለሁ።»

እውነቷን ነው፣ አደረገችው። ያነበበው ግን የለም።

በማግስቱ ለቀዶ ሕክምናው «ምንም እንዳይቀምስ» ተባለ፤ ክኒኑም ከምግብ ተቆጠረና ቀኑን ሙሉ ተከለከለ። አጥንቱ በደንብ ተጠገነ። ከሰመመኑ ሲነቃ አስመለሰው። መርፌው ተሰጠው። ማታም ተደገመ፤ በማግስቱም።

ጋሽ ምላጭ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት አንድ በአንድ ያስታውሳቸዋል። ሰዎቹ የማያውቁት ይህን ነበር። ሰውነቱ እንደ ግንድ ደረቀ። ምላሱ አፉ ውስጥ የሌላ ሰው ምላስ ሆነ። ውሃ ሲሰጡት ትን እያለው በአፍንጫው ተመለሰ። እጁና አገጩ ይንቀጠቀጣሉ፤ የጉሉኮሱ መርፌ ሁለት ጊዜ ስለወለቀ ሁለቱንም እጁን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩት። ጣራው ላይ ያለውን የውሃ እድፍ እያየ፣ «ክኒን» የምትል አንዲት ቃል ከጉሮሮው ለማውጣት ሲታገል ዋለ። የወጣው ማቃሰት ብቻ ነው።

«አባባ፣ ተባበሩን እንጂ» አለችው አንዷ ነርስ፣ ሕፃን እንደምታባብል ጉንጩን ቸብ እያደረገች። «አፍዎን ይክፈቱ። እምቢ አሉ? እሺ፣ እምቢ አሉ ብዬ እጽፋለሁ።» ጻፈችም። ክኒኑም በመጣበት ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የአጥንት ሐኪሙ ተለማማጆቹን አስከትሎ መጣ። አልጋው ግርጌ ቆመና፣ «ቀዶ ሕክምናው የተሳካ ነው። ግን እንደምታዩት የአእምሮ መዳከም አለባቸው፤ አካባቢያቸውን አያውቁም» አለ። ተለማማጆቹ ጻፉ።

አያውቁም! እሱ ግን የአንደኛውን ተለማማጅ ፀጉር ያበላሸው ማን እንደሆነ ሳይቀር ከጆሮው በላይ ካለው አቆራረጥ ያውቀው ነበር። ሊጮህ ፈለገ። ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተነቃነቀችም። እንባው ግን በጎን በኩል ወረደና ጆሮው ውስጥ ገባ፤ እጁ ታስሯልና አልጠረገውም።

«ከቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው አይጠየቅም» ተብላ ከበር ስትመለስ የከረመችው ሚስቱ በጉብኝት ሰዓት ገብታ ፋሻውን ስታይ አገር ይያዝልኝ አለች። ድምፅዋ እስከ ደረጃው ተሰማ። ጠባቂ መጣ፤ «ከነካኸኝ እነክስሃለሁ» አለችው፤ ከሴትዮዋ ዐይን እንደምታደርገው ስለገባው ራቅ ብሎ ቆመ። ፋሻውን በጥርሷና በጥፍሯ ፈታች። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ለነርቭ ሐኪሟ ደወለች።

ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ፣ የራሷን በሽተኞች ትታ መጣች። ፋይሉን ገለጠች። የራሷ ወረቀት ለሁለት እንደታጠፈ፣ ማንም ሳይዘረጋው እዚያው ነበር። አውጥታ ዘረጋችና በክፍሉ ዋና ነርስና በአጥንት ሐኪሙ ፊት ያዘችው።

«ይህን ያነበበ ሰው አለ?»

ዋና ነርሷ ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች።

«አእምሯቸው አልደከመም። እናንተ ናችሁ ያደረቃችኋቸው። መድኃኒቱን ነጥቃችሁ፣ በላዩ ላይ የሚዘጋውን መርፌ ጨመራችሁበት። ሌላ ሁለት ቀን ቢቆይ ትኩሳት ተነሥቶ ይገድላቸው ነበር።»

መዋጥ ስላልቻለ ክኒኑ ተፈጭቶ በአፍንጫ በገባ ቱቦ ተሰጠው። መርፌው ቆመ። በመጀመሪያው ቀን ጣቱ ተንቀሳቀሰ። በሁለተኛው አንገቱን ወደ ሚስቱ አዞረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድምፁ መጣ፤ ቀጭን ነበር፣ ግን ድምፅ ነበር። ሚስቱ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ፍቅር የሚነግራት መስሏት።

«ወረቀት አምጪ» አላት። «እከሳቸዋለሁ።»

አቤቱታውን እሱ ተናገረ፣ እሷ በኮምፒውተር ጻፈች። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ አንደኛ ድምፁ በየሰዓቱ ስለሚጠፋ፣ ሁለተኛ ስለሚጨቃጨቁ።

«'ደደቦች' የምትለዋን አውጥቻታለሁ።»

«መልሺያት።»

«'ኀላፊነት የጎደላቸው' ብዬ ተክቻታለሁ።»

«እሷ ትለሰልሳለች።»

«ትለሰልስና ትገባለች። ያንተዋ በሩ ላይ ትቀራለች።»

የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ለአራት ሰዓት ቀጠራቸው። ጋሽ ምላጭ ክኒኑ እንዲደርስለት አስልቶ በአራት ጎማ ባለው መደገፊያ እየገፋ በሰዓቱ ተገኘ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለ። ዳይሬክተሩ ሲጠራቸው ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። የክኒኑ ጉልበት አልቋል። ጋሽ ምላጭ ወንበር ላይ ደርቆ ተቀመጠ፣ አፉ ተያዘ። ዳይሬክተሩ ወደ ሚስቱ ብቻ እያየ ስለ ደንብና ስለ ሰው ኃይል እጥረት ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሳቸው የምንለውን ይሰማሉ?» አላት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ ክኒኑን ታክሲ ውስጥ አስዋጠችው። ያን የሰባት ሰዓት ክኒን ውጦ ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ፣ ሚስቱ ሃያ ዓመት ያልሰማችውን ስድብ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደው።

በሳምንቱ ተመለሱ። የዳይሬክተሩ ጸሐፊ እንደለመደችው «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች። ጋሽ ምላጭ አራት ሰዓት ላይ ክኒኑን እዚያው ወንበር ላይ ዋጠ። አርባ ደቂቃ ጠበቀ። ትከሻው መወዛወዝ ሲጀምር ክኒኑ እንደደረሰ አወቀና መደገፊያውን ይዞ ተነሣ፤ የስብሰባ አዳራሹን በር በመደገፊያው ጎማ ገፍቶ ገባ። ሚስቱ ጸሐፊዋን «ስለ ምንድን ነው ስብሰባው?» ስትል ከኋላው ሰማት። «ስለ አገልግሎት ጥራት» አለች ጸሐፊዋ።

አሥራ አንድ ሰዎች ቀና አሉ።

«አባት፣ እዚህ መግባት...» አለ ዳይሬክተሩ።

«እሰማለሁ» አለ ጋሽ ምላጭ። «ባለፈው ይሰማሉ ወይ ብለህ ሚስቴን ጠይቀሃት ነበር። እሰማለሁ። ያን ጊዜም ሰምቻለሁ፣ አልጋው ላይም ስታስሩኝ ሰምቻለሁ።» ጋዜጣ እየጮኸ ያነበበባቸው ዓመታት ሁሉ በዚያች ክፍል ጠቀሙት። «ክኒኑ የኔ ነው። ሰዓቱም የኔ ነው። አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ሲመጣ ክራንቹን ቀምታችሁ 'በዙር እንሰጥሃለን' ትሉታላችሁ? እኔ ያለዚያች ክኒን ምላስ የለኝም፣ እጅ የለኝም። ነጠቃችሁኝ፤ ከዚያ 'አእምሮው ደክሟል' ብላችሁ ጻፋችሁብኝ!»

የአጥንት ክፍሉ ዋና ነርስ ከጠረጴዛው መጨረሻ ተነሣች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። «እጃቸውን እንዲያስሩ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «በዚያን ቀን ለሠላሳ አራት ሕመምተኛ አንድ ነርስ ነበረን። ሦስት ጊዜ ሰው ጨምሩልን ብዬ ጽፌያለሁ። ግን ፋይሉን ማንበብ ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ምላጭ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ከማንም ያልሰማው ቃል ስለነበር ለጊዜው ግራ ገባው። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። «ሰምተሃታል? ሦስት ጊዜ ጽፋለች። የሷንም ወረቀት አጥፋችሁ ፋይል ውስጥ ከታችሁታል።»

ከአሥር ቀን በኋላ መመሪያ ወጣ፦ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች መድኃኒት ከራሳቸው ዘንድ ይቆያል፣ «በተቻለ መጠን» በሰዓቱ ይሰጣል። ጋሽ ምላጭ ያቺን ሐረግ ሲያነብ ዳግመኛ ደሙ ፈላ። «በተቻለ መጠን ነው እኮ እኔን ያሰሩኝ!» ብሎ ተመልሶ ሄደ። ዳይሬክተሩ የመመሪያ አጻጻፍ ነው፣ አይለወጥም አለ። ዋና ነርሷ ግን በራሷ ክፍል በተለጠፈው ላይ ሐረጓን በወፍራም እስክሪብቶ ሰረዘቻት። በሌሎቹ ክፍሎች እስከ ዛሬ እንዳለች አለች። የአጥንት ሐኪሙም «የአእምሮ መዳከም» ያለውን ከፋይሉ አልፋቀም፤ ከሥሩ «እንደገና ይታይ» ብሎ ብቻ ጨመረበት።

ጋሽ ምላጭ እንደ ድሮው አልሆነም። ያለ መደገፊያ አይራመድም። ፀጉር ቤቱን ለሌላ ባለሙያ ለቀቀ። የቀዶ ሕክምናው ወረፋ አሁንም አልደረሰውም፤ ሐኪሟ እስከዚያው መድኃኒቱን በቆዳ ሥር ቀኑን ሙሉ ስለሚያንጠባጥብ አንድ ፓምፕ እያነጋገረችው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ግን ቀጠሮ ኖረውም አልኖረው ከሚስቱ ጋር በዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት ባለው የነርቭ ክሊኒክ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። አዲስ ሕመምተኛ ሲያይ ያስጠጋና ሚስቱ ያባዛችውን ወረቀት ይሰጠዋል፤ የክኒን ስም፣ ሰዓት፣ የማይሰጥ መርፌ። «ሆስፒታል ስትገባ ፋይል ውስጥ አታስገባው» ይላል። «አልጋህ ራስጌ ላይ ለጥፈው። ከነቀሉት ደውልልኝ።»

ባለፈው ሐሙስ አንዲት ሴት ከደረጃው እየሮጠች ወረደች። አባቷ ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ሳምባውን ታሞ ሦስተኛ ፎቅ ተኝቷል። ክኒኑን ነርሶቹ ወስደውታል፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተናገረም።

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር የሚወስደው?» አላት ጋሽ ምላጭ።

«አምስት ሰዓት ላይ። ዙሩ ገና ስምንት ሰዓት ነው አሉኝ።»

ጋሽ ምላጭ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ሚስቱ መነጽሯን ስታደርግ እሱ መደገፊያውን ይዞ እየተነሣ ነበር። አሳንሰሩ በር ላይ እግሩ ተጣበቀ። ቆመ፣ መስመሩን አሰበ፣ ተሻገረ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት፣ ገና ሳይወጣ፣ ጮክ ብሎ «ተረኛው ማን ነው?» አለ።